በእኛ ክፍል ስለገባው በቆሎ

የቤት ኪራይ ሕጉን ላወጣችሁልን ክቡራንና ክቡራት፣
ባላችሁበት

ጤናችሁ የጸና፣ ጣሪያችሁም የማያፈስ ይሁን እያልሁ፣ በቡሬ ገበያ ልብስ እየሰፋሁ የምኖር እኔ አምለሰት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ተከራይ ያለ አግባብ እንዳይባረር፣ ኪራይም እንዳይንር ብላችሁ ስለደከማችሁልን ውለታችሁን የምከፍልበት የለኝም። ያገኘሁትን ጥቅም ሳልዘረዝር ብቀር ግን ውለታ ቢስ እባላለሁና ይኸው፤

፩ኛ. አከራዬ እማሆይ ወለተ ሐና፣ ልጄ ህይወት ጡት ሳትጥል ጀምሮ ያኖሩን በቃል ብቻ ነበር። እርሳቸው በቤት ጉዳይ አውራ ጣት ቀለም የሚነካው ቤት ሲሸጥ ነው ብለው ያምናሉ። እናንተ ውል ይጻፍ፣ ይመዝገብም ስትሉ፣ ቤቴን ልነጠቅ ነው ብለው ደነገጡ። የሚያስረዳቸው ፍለጋ ምርኩዛቸውን ይዘው ቢመላለሱም፣ ሊያስረዷቸው የሚችሉት ሁሉ ስለ ሕጉ ግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስለ ትጋታቸው እናመሰግናለን።

፪ኛ. እማሆይ እያለቀሱ፣ «ልጄ፣ አንችን ጠልቼ አይደለም፣ ወረቀቱን ፈርቼ ነው» ብለው አስወጡን፤ ክፍሉንም ለእህል ነጋዴ ሰጡት። ሕጋችሁ የሚመለከተው ሰው የሚኖርበትን ቤት ስለሆነ በቆሎ ውል አይጠየቅም። ህይወት ትተኛበት በነበረው ጥግ ዛሬ ጆንያ ተደርድሯል። በእማሆይ አልፈርድም፤ እስከ ዛሬ እኔን ሲያዩ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይጥላሉ።

፫ኛ. ሌሎች አከራዮች ሕጉን ሽሽት ቤታቸውን ዘጉ፤ ያልዘጉትም ልጅ ያላት ሴት አንፈልግም አሉ። ስለዚህ ህይወትን ትምህርቷን አስቋርጬ ከዱርቤቴ ወዲያ ገጠር ወዳለችው እናቴ ሰደድኋት። እኔም ከስፌት መኪናዬ ሥር እተኛለሁ። ስሸኛት አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ክቡራን ሆይ፣ ሕጉ ክፉ ነው አላልሁም። የወጣው ለእኔ ብጤ እንደሆነም አምናለሁ፤ ብቻ እኔ ዘንድ እስኪደርስ የምጠብቅበት ቤት አጣሁ።

ከተጠቃሚዎች ተርታ የተቆጠርሁ፣ አድራሻ ጻፊ ብትሉኝ የምቸገር፣
ምንጊዜም ታዛዣችሁ
አምለሰት ደረሰ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ህይወት አያቷ ቤት በሬዲዮ «የተከራዮች እንባ ታበሰ» ሲባል ሰምታ፣ ማንን ማለታቸው ነው ብላ በስልክ ጠየቀችኝ። መልሱን እናንተው ብትነግሩልኝ እወድዳለሁ።