ሬሳሽን የት እንደማስቀምጥ የመረጥኩ ቀን

ውድ ልጄ አሞንዲ፣

ይህን የምጽፍልሽ ራስሽ ባስተማርሽኝ ፊደል ነው። ከባልሽ ከኦንዲጎ ሸሽተሽ የመጣሽ ጊዜ፣ ጎንሽ በጨርቅ እንደታሰረ፣ እያሳለሽም ትስቂብኝ ነበር። «እማ፣ ይሄ ፊደል ነው ወይስ ዶሮ የጫረችው?» ትዪኝ ነበር። ስልሳ ዓመት አልፎኝ ስሜን ጻፍኩ።

ምነው ባላስተማርሽኝ።

ሆስፒታል ተኝተሽ የለመንሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከሞትኩ ለኦንዲጎ እንዳትሰጪኝ። እሱ ግቢ እንዳልቀበር» አልሽኝ። «እኔ ቆሜ አይነካሽም» አልኩሽ። በማግስቱ ሞትሽ።

ባልሽ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። የጥሎሹን ላሞች ለአባትሽ አሟልቶ የነዳ ወንድ ሚስቱን በሕይወት ቢያጣት እንኳ ሬሳዋን አያጣም። እኔ ግን ጓሮዬ ውስጥ፣ ከቤቴ ጀርባ ልቀብርሽ ቆርጬ ነበር። እስከዚያ ድረስ እሱ እጅ የማትገቢበት የሬሳ ማቆያ መፈለግ ነበረብኝ። ከተማችን ሲያያ ውስጥ ሦስት አሉ።

የሆስፒታሉን ሬሳ ማቆያ በር የሚጠብቀው የባልሽ የአጎት ልጅ ነው። እሱን ተውኩት። ወደ ሚስዮኑ ሬሳ ማቆያ ሄድኩ። ጠባቂው ሽማግሌ ሳቅ ብሎ ተቀበለኝ። «ይግቡ እማማ፤ የእኛ ደንበኞች አንድም ቀን አማርረው አያውቁም።»

አልሳቅኩለትም። «ሬሳ ልውሰድ ብሎ የመጣ ሰው ዘመድ መሆኑን በምን ታውቃለህ?» አልኩት።

«በለቅሶው ነዋ! ከልቡ ካለቀሰ እሰጠዋለሁ።»

ኦንዲጎ ማልቀስ ይችልበታል። አንቺን በመታሽ ቁጥር ያለቅስ ነበር። ጥዬው ወጣሁ።

የሟቹ አባትሽ ወንድም አጎላ ከኋላዬ እየተጎተተ ያጉረመርም ነበር። «የአሞንዲ እናት፣ ሆቴል ነው እንዴ የምታማርጪው? ሬሳ አልጋ አይመርጥም።»

«አንተ ስትሞት የተገኘበት እወረውርሃለሁ፤ ሐሳብ አይግባህ» አልኩት።

ሦስተኛው ከገበያው ማዶ ያለው የግል ድርጅት ነው። ሚሊሰንት የምትባል ሴት መዝገብ ይዛ ተቀምጣለች። ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኳት።

«እኛ ጋ ጩኸትም ለቅሶም አይሠራም፣ እማማ። ሹም ይምጣ፣ ካህን ይምጣ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው የምናደርገው» አለችኝ።

ልቤ አረፈ። ይህንን መረጥኩልሽ፤ ከሆስፒታሉም በቃሬዛ አስመጣሁሽ።

«ልጻፍልዎት?» ብላ ብዕሩን አነሳች።

«እጅ አለኝ» ብዬ ተቀበልኳት።

ስምሽን ጻፍኩ። «ያገባች» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ፤ ለሬሳ መዋሸት ነውር መሰለኝ። የቀብር ቦታ በሚለው ላይ «ዳላ» ብዬ ጻፍኩ። ሰው ሁሉ ቤቱን፣ ግቢውን ዳላ ይላል። ለእኔ ያንቺ ዳላ የተወለድሽበት፣ ሸሽተሽ የገባሽበት የእኔው ግቢ ነበር።

ሚሊሰንት አየችውና «የመንደሩን ስም ቢጨምሩበት ጥሩ ነው» አለችኝ። የመንደራችን ስም ረጅም ነው። ፊደል አጥፍቼ እንዳትስቅብኝ ፈራሁ። «ሰው ስንት ዳላ አለው? ዳላ ዳላ ነው!» ብዬ ተቆጣኋት። ፈረምኩ። ኮራሁ፣ አሞንዲ። አንቺ ከጀርባዬ ቃሬዛ ላይ ተጋድመሽ እኔ በፊርማዬ ኮራሁ።

ዓርብ ጠዋት መኪና ይዘን ስንመጣ ኦንዲጎ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቀድሞን ቆሟል። አላለቀሰም። ወረቀቱ ይነበብልኝ ብቻ አለ። ሚሊሰንት አነበበችው። «ያገባች። የቀብር ቦታ፣ ዳላ።»

«የእኔን ዳላ ማለቴ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

አንዱ ሽማግሌ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ሰማችሁልኝ? ያገባች ሴት እናቷ ቤት ዳላ አላት! ኧረ የት አገር ነው ያደግሽው፣ አንቺ ሴትዮ?»

አጎላን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። «እውነታቸውን ነው» አለ። «እኛ ጋ ብትመጣም ከአጥር ውጭ ነው የምትቀበረው። ባሏ ይውሰዳት።»

ሚሊሰንት ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «እማማ፣ በእጅዎ ነው የጻፉት» አለችኝ ቀስ ብላ። የነገረችኝን ነው ያደረገችው።

ኦንዲጎ ግቢ፣ ከቤቱ በስተግራ ተቀበርሽ። ጠዋት ጠዋት ላሞቹን ሲያወጣ በአጠገብሽ ነው የሚያልፈው።

አጎላ ጠላ በቀመሰ ቁጥር ያወራዋል። «ፊደል ቆጥራ ልጇን ለባሏ ጽፋ ሰጠች» ይላል፤ ሰው ይስቃል። ውኃ ስቀዳ ሴቶቹ «ጸሐፊዋ መጣች» ይባባላሉ። እንስራዬን ሞልቼ እመለሳለሁ።

በእኛ ወግ አማት በአማቿ ግቢ አትመላለስም፤ መቃብርሽ ዘንድ መቀመጥ አልችልም። ባለፈው እሑድ ግን መንገዱ ላይ ቆሜ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። አፈሩ ገና አልረጋም። ኦንዲጎ ከቤት ወጣና አየኝ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ደኅና ነዎት ወይ፣ እናቴ?» አለኝ።

«ደኅና ነኝ፣ ልጄ» አልኩት።

ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

ቆማ ያስነካችሽ እናትሽ፣
አጅዋንግ