በስሜ የተጻፈው ይቅርታ

ለታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

ይህ ደብዳቤ በጤና ያግኝህ። እንደምን ሰነበትክ? በስልክ የነገርከኝ የወገብህ ሕመም እንዴት አደረገህ? ሐኪሙ ያዘዘልህን ቀበቶ ታስረዋለህ ወይስ በር ላይ ተሰቅሎ ይውላል? የእማዬ ዓይንስ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ተገለጠላት? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ ልልህ ነበር። ግን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ውሸት እንዳይገባ ብዬ ለራሴ ቃል ስለገባሁ እውነቱን ልንገርህ፤ ደኅና አይደለሁም። አካሌ ጤነኛ ነው፤ እህል ግን ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሏል።

ባለፈው ሳምንት፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ድምፅህን ስሰማ፣ የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር። «እህቴ፣ የጻፍሽውን አነበብኩት፤ ሁሉንም ይቅር ብዬሻለሁ» ስትለኝ መቀሱን አስቀመጥኩ። አንተ ታለቅሳለህ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ሱሪውን ሊወስድ የመጣው ሰውዬ መግባትም መመለስም ቸግሮት በሩ ላይ ቆሟል። ጋሼ፣ ምን እንዳነበብክ አላወቅኩም ነበር። እንዳላወቅኩም አልነገርኩህም። የዛሬው ደብዳቤዬ ስለዚያ ዝምታ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ። ሱቄን አይተኸው አታውቅም። አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ ደንበኛ ልብስ የሚለካበት አንድ መጋረጃ ነው። ዓምና ከፊት ለፊቴ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ቤት ተከፈተ። ያጥባሉ፣ ይተኩሳሉ፣ አልፈውም ዚፕ ይቀይራሉ፣ ረጅሙን ያሳጥራሉ፣ ሰፊውን ያጠባሉ። የድሮ ደንበኞቼ ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው በመስኮቴ ፊት ያልፋሉ፤ ሞቅ አድርገው ሰላም ይሉኛል፤ ከዚያ መንገዱን ይሻገራሉ። ሰላም ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር።

አጠገቤ ያለው ሰዓት ሠሪ፣ «ዛሬ ሰው ሱቅ የሚመርጠው በስልኩ ነው፤ አንቺ ደግሞ ስልክ ውስጥ የለሽም» አለኝ። ብሎግ የሚባል የኢንተርኔት ገጽ ከፍተሽ ስለ ሥራሽ በየሳምንቱ ጻፊበት ብሎ መከረኝ። ሞከርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ታግዬ የወጣልኝ «ዚፕ እቀይራለሁ፤ በደንብ ነው የምቀይረው» የሚል ብቻ ነው። አትሳቅ። ሰዓት ሠሪው አነበበውና በማግስቱ አንዲት ሴት ይዞልኝ መጣ።

የሴትየዋ ሥራ በሌላ ሰው ስም መጻፍ ነው። ለጥርስ ሐኪሙም፣ ለአበባ ሻጯም የምትጽፍላቸው እሷ ናት፤ የእሷ ስም ግን የትም አይገኝም። ሂሳቧን በስፌት ልከፍላት ተስማማን፤ የእሷንና የባሏን ካፖርት ገበር ልቀይር፣ የልጆቿን ልብስ ላስረዝም። በየማክሰኞው ትመጣና እኔ እየሰፋሁ አወራላታለሁ፤ እሷ ደብተሯ ላይ ትከትባለች። አንድም ቀን አቋርጣኝ አታውቅም። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ የሰማኝ ሰው አልነበረም። ስለ ክር፣ ስለ ገበር፣ ብል የበላውን ሱፍ እንዴት እንደማድነው ነበር የማወራት።

የጻፈችው ሰው ያመጣ ጀመር። አንዲት ሴት የሟች ባሏን ካፖርት ይዛ ከሩቅ ሰፈር በሁለት አውቶቡስ መጣች፤ «ያን ጽሑፍ የጻፈችው ሴት እንጂ ሌላ ሰው መቀስ እንዲያነሣበት አልፈልግም» አለች። በእሷ ልክ አድርጌ ሰፋሁላት። «እንዴት ልብ የሚነካ ነገር ትጽፊያለሽ!» ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። ምን ልበል? ጸሐፊዋ ከማውጣቷ በፊት «ላሳይሽ?» ትለኝ ነበር፤ እኔ ግን «እኔ ምን አውቅልሻለሁ፣ አውጪው» እላት ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው።

አንድ ማክሰኞ ክርኑ ያለቀ ቡናማ ኮት ስጠግን አባባ ትዝ አሉኝ። አፌ አልዘጋ አለ። እንደታመሙ፣ አንተ እየደጋገምክ እንደደወልክልኝ፣ እንዳልቀበርኳቸው፣ ከዚያ ወዲህም እንዳኮረፍከኝ ነገርኳት። «ለምን አልሄድሽም?» አለችኝ። «ወረቀት…» ብዬ ዝም አልኩ። አንዲት ቃል ናት፣ ጋሼ። ቀሪውን እሷ ሞላችው። ጎዶሎ መሙላት ሥራዋ ነዋ።

አንተ ስልኩን ከዘጋህ በኋላ ገጹን ከፍቼ አነበብኩት። የመኖሪያ ፈቃዴ ሳይታደስ ቀርቶ፣ ሻንጣዬን ሸክፌ፣ በር ላይ ተቀምጬ እንዳለቀስኩ ይላል። «ወንድሜ ሆይ፣ ከአባታችን መቃብር የለየኝ ልቤ አይደለም፤ አንዲት ማኅተም ናት» ይላል። እንዴት ያምራል! እኔው ራሴ አነባሁ። በወቅቱ ያላለቀስኩትን ልቅሶ ያን ቀን አለቀስኩት።

እውነቱ ይኸውልህ። ፈቃዴ ታድሶ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ሻንጣም አልሸከፍኩም። ሱቁን የተከራየሁት በዚያው ወር ነበርና «አባባ ብርቱ ናቸው፣ ትንሽ ይጠብቁኛል» ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ይህም ግማሹ ነው። ግማሹ ፍርሃት ነው። አንተ «ማንኪያ መያዝ አቅቷቸዋል» ብለህ ነገርከኝ። በአንድ እጃቸው አንስተው ትከሻቸው ላይ ያስቀምጡኝ የነበሩትን ሰው እንደዚያ ሆነው ለማየት አቅም አጣሁ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ሲጮህ የስፌት መኪናውን እረግጠው ነበር፤ ጩኸቱ እንዲውጠው። ጨርቅ ሳይኖርበት እንኳ እረግጠው ነበር።

ጸሐፊዋ ጋ ሄጄ ጉዱን ነገርኳት። ደነገጠች፤ «ወረቀት ስትይኝ ገባኝ ብዬ ነው» አለችና ወዲያው ከገጹ ላይ አጠፋችው። ምን ዋጋ አለው? ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ትልቋ ልጅህ አሳትማው፣ አንተ ለእማዬ አንብበህላት፣ እማዬም ትራሷ ሥር እንዳኖረችው ነግረኸኛል። እዚህ ያለውን አጠፋን፤ ከእማዬ ትራስ ሥር ያለውን በምን እናጥፋው?

ጸሐፊዋ አዝናልኝ «እውነቱን እንዳይከብደው አድርጌ ለወንድምሽ ልጻፍልሽ?» አለችኝ። እሺ ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር። ጋሼ፣ ይህን ጽሑፍ እንዲህ ጎርበጥባጣ ሆኖ ስታየው የራሴ መሆኑን ዕወቅ። አራት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ አምስተኛው ይኸው ነው።

ምን አድርግ እንደምልህ አላውቅም። ይቅርታህን ብትወስድ አልቀየምህም፤ በር ላይ ተቀምጣ በማኅተም ምክንያት ላለቀሰችው ሴት ነው የሰጠኸው፣ እኔ እሷን አላውቃትም። ያንን ወረቀት ከእማዬ ብትወስድባት የት ሄደ ትልሃለች። ብትተውላት ደግሞ ያልወለደቻትን ልጅ ታቅፋ ታድራለች። እኔ እዚህ ሆኜ የምወስነው ነገር የለም። ዝም ልል ሞክሬ ነበር፤ ሰባት ቀን ሙሉ ይቅር የተባለ ሰው ሆኜ ኖርኩ፤ እንዴት ደስ ይላል መሰለህ። ግን «እህቴ» ያልከኝ ድምፅህ ጆሮዬ ላይ በመጣ ቁጥር ሌላ ሰው የተጠራ ይመስለኛል።

ባለቤትህን በጣም ሰላም በልልኝ፤ እማዬን ስታስታምም አንድም ቀን አላመሰገንኳት። ትልቋን ልጅህን ሳማት፤ ጥፋት የለባትም፣ አክስቷን ፈልጋ ነው ያገኘችው። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ አክስት እንዳላቸው ያውቁ ይሆን? ለጎረቤታችን ለእትዬም አባባን በሕመማቸው ጊዜ ስላጠቡልን እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ማን ላከው ካለችህ፣ የትኛዋ ልጇ እንደሆነች አንተ ንገራት።

መምጣት ስትችል ያልመጣችው እህትህ

ከሱቄ፣ ከመስኮቱ ሥር
ግንቦት 19 ቀን