ከእሳት ይራቅ

ንፋስ መውጫ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፳፻፭ ዓ.ም.

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ? እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ከሐሙስ ወዲህ ማመሙን ትቷል። ምክንያቱን ልንገርሽ፤ የላክሽው ስኒከር ደረሰኝ!

ካርቶኑን ሹፌሩ ሲያቀብለኝ እዚያው መናኸሪያ ቆሜ ከፈትሁት። እንዴት ያለ ነገር ነው የሠራሽው! ክብደት የሚባል የለውም። ሶሉን በአውራ ጣቴ ስጫነው ይጎደጉድና ተመልሶ ይነሳል፤ እንደ ልጅ ደጋግሜ ተጫንሁት። ወዲያው ተጫምቼ ቤት እስክደርስ ሆን ብዬ ጭቃ ጭቃውን ሄድሁ። ከሥሩ የሳልሽው ቦይ ውሃውን ወደ ጎን እየተፋ አንድም ጊዜ አላንሸራተተኝ። ማረሻ ያወጣው ትልም ይመስላል። ለካ ከዚህ አገር ይዘሽው የሄድሽው ነገር አለ!

ተጫምቼው ገበያ ወጣሁ። ጎረቤታችን ፈትለወርቅ ገና ከሩቅ አይታኝ፣ "ምነው እቴ፣ ኳስ ቡድን ገባሽ እንዴ?" ብላ ሰው ሰበሰበችብኝ። ልጄ ናት የነደፈችው አልኋት። "ታዲያ በጥቁር ልብስ ላይ ቀይ ጫማ ሐዘንሽን አያፈርስም?" አለች። "ጫማው አላዘነም" ብያት አለፍሁ። እኔ ዝምተኛዋ! ኋላ ግን ተከትላኝ መጥታ የእግሯን ቁጥር በወረቀት አስጻፈችኝ፤ ሠላሳ ስምንት ናት።

ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን መመሪያ ሦስት ጊዜ አነበብኋት። ካንቺ ደብተር ፊደል ለቅሜ የተማርሁ ሴት፣ ልጄ የጻፈችውን ሳነብ! መጨረሻው ላይ "በጥላ ይድረቅ፤ ከእሳት ይራቅ" ይላል። እዚያ ላይ ቆምሁ።

ሰኞ ጫማ ሰፊው ፈንታ ዘንድ ሄድሁ። አንድ ያለቀ ስኒከር በካራ ሰንጥቆ አሳየኝ። ላዩ ጨርቅ፣ መካከሉ ስፖንጅ፣ ሥሩ ላስቲክ፤ ሁሉንም የያዘው ማስቲሽ ብቻ ነው። አንድም ስፌት የለ! እሳት ቢያገኘውሳ አልሁት። ሳቀብኝ። "እማማ፣ ማስቲሽ እሳት ዳር ካደረ አለቀለት። ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ ሲሮጡበት ነው የሚከፈት" አለኝ።

ልጄ፣ በደብዳቤሽ ላይ "አባቴ እንደገዛልኝ ያለ ቆሻሻ ጫማ አይደለም" ብለሽ ጽፈሻል። አባትሽ የገዛልሽ ጫማ ቆሻሻ አልነበረም።

በደብረ ታቦሩ የሩጫ ውድድር ዋዜማ፣ ልምምድ ላይ ዝናብ መትቶሽ ጫማሽ ርሶ መጣሽ። እኔ ጭቃውን አጥቤ፣ እንዲደርቅልሽ ብዬ፣ ከጉልቻው አስጠግቼ አሳደርሁት። በማግሥቱ ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ሁሉንም እየመራሽ ሳለ፣ ሶሉ ተከፍቶ ወደቅሽ። ሯጭ ሊመርጡ የመጡት የክለብ ሰዎች ሌላዋን ልጅ ወሰዱ።

አንቺ አባትሽ ላይ ስትጮኺ እሱ ጫማውን አንስቶ ገለበጠው። የተኮማተረው በእሳቱ በኩል ያደረው ጎን ብቻ ነበር። በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከዚያ ወዳንቺ ዞሮ፣ "አዎ ልጄ፣ አርብ ገበያ ላይ ነጋዴው ሸወደኝ" አለሽ።

እኔ ዝም አልሁ። አንቺ አዲስ አበባ አክስትሽ ዘንድ ሄድሽ። እስኪሞት አላናገርሽውም፤ ለቀብሩ መጥተሽም ሳታለቅሺ ተመለስሽ። እኔና እሱ ብቻችንን በኖርንባቸው ዓመታት የዚያን ጫማ ነገር አንድ ቀንም አንስቶብኝ አያውቅም።

የማስቲሽን ነገር ያወቅሁት ሰኞ ነው ብዬ ላመልጥ እችል ነበር። ግን ያን ቀን ዓይኑን አይቼዋለሁ።

ሙት ዓመቱ ኅዳር ስምንት ነው። ሥራ ስለሚበዛብኝ አልመጣም ብለሽ ነበር። ከመጣሽ ግን ከአውቶቡስ እንደወረድሽ በቀጥታ እሱ ወዳረፈበት ወደ ሚካኤል ሂጂ። እኔን ለማየት አትቸኩዪ። ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። በሠራሽው ጫማ የሚሮጡ ልጆች ሁሉ ሳይወድቁ ይግቡ። የአባትሽ አምላክ በወጣሽ በገባሽበት ይጠብቅሽ።

እናትሽ