የዝሆን ጥርስ ያልሆነው ማበጠሪያ

ሰኞ፣ ጥር 16

ለሶዶ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፣ እንዲሁም ለአካባቢው ቀበሌዎች። (ዞን ከሆንን ወዲህ ማስታወቂያ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጀምረው።) ባለቤቴ ማርታ ካረፈች ጀምሮ ተዘግቶ የኖረው የኮሞዲኖዬ ሦስተኛ መሳቢያ ዛሬ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በይፋ ተከፍቷል። ጥብጣብ አልተቆረጠም። የልጅ ልጄ መሠረት በቢላዋ ፈልቅቃ ነው የከፈተችው።

እሑድ ታገባለች። የአያቷን ማበጠሪያ ፀጉሯ ላይ ልትሰካ ነው። «አባባ፣ የዝሆን ጥርሱን አምጣልኝ» እያለች ከጠዋት ጀምሮ ነዘነዘችኝ።

ከመሳቢያው የብስኩት ቆርቆሮ ወጣ። ውስጡ ማበጠሪያው። ከሥሩ ያው ክሬም ቀለም ያለው የእጅ አምባር። ደረት ላይ የሚደረግ የአበባ ብሮሽ። በወረቀት የተጠቀለለ፣ ሰማያዊ መስታወት ያለው የጆሮ ጌጥ። በቃ። ማርታ ጌጥ አታበዛም ነበር፤ እኔ እበቃት ነበር።

ክዳኑ ሲነሳ ሽታ ወጣ። ኮምጣጤና የጉንፋን ቅባት የተቀላቀለ። መሠረት አፍንጫዋን ይዛ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሠላሳ ዓመት ገበያ ውስጥ ሰዓትና መነጽር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። የታመመ ሴሉሎይድ ነው፤ የጥንት ፕላስቲክ።

ዝሆን አይደለም። መቼም ዝሆን ሆኖ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥር 17

መሠረትና እናቷ ገበያ ሲወጡ የድሮ ማጉያዬን ዓይኔ ላይ ገጥሜ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ።

የእውነት የዝሆን ጥርስ መስመሮቹ እንደ መረብ እርስ በርስ ይቋረጣሉ። የዚህ ጎን ለጎን ተሰልፈዋል፣ ልክ እንደ ተማሪ ደብተር። ፋብሪካ ነው ያሰመራቸው። ጎኑ ላይ ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ስፌት አለ። ክብደቱ የገለባ ነው። በአውራ ጣቴ ፈተግ ፈተግ አድርጌ አሸተትኩት፤ ካምፎር፣ ያው የጉንፋን ቅባቱ።

ዕድሜውስ? የብሮሹ መርፌ የሚያርፈው ተራ መንጠቆ ላይ ነው፤ መቆለፊያ የለውም። እንዲህ ያለው ከጣሊያን በፊት የተሠራ ይመስለኛል። የጆሮ ጌጡ ጆሮ ሳይበሳ በብሎን የሚጠብቅ ነው፤ ትንሽ ዘግየት ይላል። ማበጠሪያውን ከብሮሹ ጋር ከአንድ ሣጥን ነው የገዛሁት፤ እኩዮች ይሆናሉ። የእኔም እኩያ ነው ማለት ነው። ሁለታችንም እየተሰነጠቅን ነው።

የከፋው ሌላ ነው። ሦስት ጥርሶቹ ወዝተው ይጣበቃሉ። ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ገብቷል። ከሥሩ የተኛው አምባር ማላብ ጀምሯል፤ የብሮሹ ብረት አረንጓዴ ሆኗል። ይህ በሽታ ይጋባል። አንዱ ሲታመም፣ ቆርቆሮ ውስጥ የታፈነው ትንፋሹ ጎረቤቱን ይይዛል። በወረቀት የተጠቀለለው የጆሮ ጌጥ ብቻ ተረፈ።

ለማርታ የዝሆን ጥርስ ነው ያልኳት እኔ ነኝ፣ ስንጋባ። ኦሞ ወርጄ ከአዳኝ እጅ ተቀበልኩ አልኩ። በየዓመት በዓሉ ዝሆኑን ሳሳድገው ኖርኩ። መጨረሻ ላይ አንድ ዓይና ነበር፣ ሦስት ሰው ገድሏል።

ረቡዕ፣ ጥር 18

መሠረት ከፀጉር ቤት መጣች። ደስ ብሏታል። «ዘነበች መጀመሪያ በካውያ ታለሰልሰዋለች። ከዚያ ጠቅልላ፣ ማበጠሪያውን ሰክታ፣ ቅርጹን እንዲይዝ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ታስገባኛለች። ቪዲዮ ቀራጩም በትልቁ መብራት ከቅርብ ያነሳዋል!»

ካውያ። ካስክ። ትልቁ መብራት። የቦዬ ቅቅሌን የቃሪያ ዳጣ ሳላስነካው ከማዕድ ተነሳሁ።

አንድ ጊዜ የሰው የሴሉሎይድ መነጽር ቀዳዳ በጋለ መርፌ ላሰፋ ሞከርኩ። እንጨት ሲያያዝ ፋታ ይሰጣል። ያ አልሰጠኝም፤ ቦግ አለ፣ አለቀ። የአውራ ጣቴ ጥፍር ከዚያ ወዲህ ጠማማ ነው። ልጆቹ ሲጠይቁኝ የአባያ ሐይቅ አዞ ነክሶኝ ነው አልኳቸው።

«ዝሆኑ ሙቀት አይወድም» አልኩ። እናትና ልጅ ከት ብለው ሳቁ።

«አባዬ፣ ቀልድህን ለእሑድ ቆጥበው» አለች ልጄ አስቴር፣ የመሠረት እናት። «የሙሽራው ቤተሰብ ከቤሌ ሲመጣ ታወራላቸዋለህ።» ለሙሽራው እናት ስለ ዝሆን ጥርሱ በስልክ ነግራታለች። አስቀድማ!

ሐሙስ፣ ጥር 19

እውነቱን ተናገርኩ። ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ቁጭ ብዬ። «የዝሆን ጥርስ አይደለም። ሴሉሎይድ ነው። እሳት ካሸተተ ይነሳል።»

«ከአዞው ጋር ነው የሚነሳው?» አለች መሠረት።

አስቴር ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ «ትናንት ዝሆኑ ሙቀት አይወድም፤ ዛሬ ዝሆን የለም። ነገ ማርታ የምትባል ሚስት አልነበረችኝም ልትል ነው።»

ሃምሳ ዓመት ሲቀልድ የኖረ ሰው እውነት ሲናገር ማን ይስማው።

ስለዚህ ሰረቅሁት። የኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና ወጣሁ። መንገድ ላይ ፀሐዩ በረታ። የደረቴ ሙቀት ትዝ አለኝ። ከጥላ ወደ ጥላ ስዘል ያየኝ ጎረቤት ምን እንዳሰበ አላውቅም።

ስመለስ መሠረት ባዶውን ቆርቆሮ ታቅፋ ታለቅሳለች። «አያቴ ሠርጌን አልወደደችውም» አለች። ይህን አልጠበቅሁም። ለእኔ የእሳት ነገር ነው፤ ለእሷ የማርታ ምርቃት። አውጥቼ ሰጠኋት። «ኪሴ ገብቶ ነው» አልኩ። ሳቀች። እሱንም ቀልድ አደረገችው።

ሦስት ቀን ቀረ።

ዓርብ፣ ጥር 20

ዛሬ አልቀለድኩም።

ከማበጠሪያው ዳር አንድ ጥርስ ሰበርኩ። ቀጭ አለ፤ በቃ። አስቴርንና መሠረትን ጓሮ ጠራኋቸው፣ ከእንሰቱ ራቅ ብሎ ካለው ድንጋይ ዘንድ። ጥርሱን ድንጋዩ ላይ አኖርኩና በረጅም ጭራሮ ጫፍ እሳት አስጠጋሁለት።

ሳይነካው ተነሳ። ነጭ፣ ቁጡ ነበልባል። ትንፋሽ ሳይፈጅ ጠፋ። ድንጋዩ ላይ ጥቁር ነጥብና ያ ሽታ ቀሩ።

አስቴር አፏን ያዘች። መሠረት ፀጉሯን።

«ይህ አንድ ጥርስ ነው» አልኩ። «አሥራ ስድስት ቀርቷል።»

ማንም አልሳቀም። መሠረት «አያቴ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

ነገርኳት። ማርታ በመጀመሪያው ቀን ማበጠሪያውን በመዳፏ አሸት አድርጋ አሸተተችውና «ዝሆንህ ጉንፋን ይዞት ነበር እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ሳቀችብኝና ሰካችው፤ ዕድሜዋን በሙሉ።

መሠረት እያለቀሰች ሳቀች። «እንግዲያው አያቴ አትቀየመኝም» አለች። «አልሰካውም።»

ቅዳሜ፣ ጥር 21

ማበጠሪያው በወረቀት ተጠቅልሎ፣ አፉ ክፍት በሆነ ሸክላ ውስጥ፣ ጥላ ቦታ፣ ከምድጃ ርቆ። አምባሩ ለብቻው። ቆርቆሮው ተጣለ። የጆሮ ጌጡን ብሎን ዘይት አጠጣሁት፤ ዞረ፣ ጠበቀ። እጄ ገና አልሞተም።

አስቴር ለሙሽራው እናት ምን እንደምትል ጨንቋታል። «እኔ እነግራታለሁ» አልኳት።

«የሚያስፈራኝ እሱ ነው» አለች።

እሑድ፣ ጥር 22

ካስኩ ውስጥ ገባች፤ በሰላም ወጣች። ሰማያዊው መስታወት ከጆሮዋ ሥር አበራ። የቪዲዮው መብራት ወደ ፀጉሯ በተጠጋ ቁጥር ግን ከወንበሬ እነሳ ነበር፤ ምንም እንደሌለ እያወቅሁ።

«ሳሮ፣ ሳሮ አባባ!» ብላ ሰላም አለችኝ የሙሽራው እናት እጄን ይዛ። «ዝሆኑስ የታለ?»

«አረፈ» አልኳት። «እሳት ፈርቶ።» ከዚያ ባርኔጣዬን አውልቄ ሁሉንም ነገርኳት፣ አፈታተኑንም ጭምር። እየሳቀች ስትሰማኝ ቆየችና በእጇ ያለውን ክሬም አምባር በአውራ ጣቷ ፈተገችው። አሸተተች። ሳቋ ቆመ። አውልቃ በመሐረብ ጠቀለለችው። በየቤቱ ስንት አለ?

ሙሽሮቹ በዘጠኝ ሰዓት ወደ ቤሌ ሄዱ። ቤቱ ባዶ ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ዓርብ ዕለት እዚሁ ደብተር ላይ የጻፍኩት፣ ማርታ አሽትታ ሳቀች ያልኩት፣ የፈጠርኩት ነው። ማርታ አሽትታው አታውቅም። ዝሆኑን አምናው ነው ያረፈችው። ምድጃ ዳር ስትቀመጥ እንኳ አታወልቀውም ነበር። አጎንብሳ እፍ ስትል እመለከታት ነበር። ያ መነጽር ጣቴ ላይ ከተቃጠለ በኋላም እመለከታት ነበር፤ ዝሆኔን ላለማጣት ዝም አልኩ።