ሁለት ጊዜ የዞርነው ምሽግ

ለአያቴ ለእማማ ታደለች፤ ቡሬ።

እማማ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ተሻለዎት ወይስ አሁንም ዳገት ሲያይ ያኮርፋል? ለዓይንዎ የታዘዘውን ጠብታ በሰዓቱ ያደርጋሉ ወይስ ዶሮዎቼን ለመቁጠር ይበቃኛል ብለው ትተውታል? አባዬ ሰላምታው ያጠረ ደብዳቤ ፖስታው አይጣበቅም ስለሚል ገና አልጨረስኩም፤ ጎረቤቱ፣ ከብቱ፣ ጓሮው፣ ጌሾው ሁሉ ሰላም ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስል ግን ከዚህ በታች የምጽፈውን ሳይጨምር ነው።

ደብዳቤውን የምታመጣልዎ ሮማነወርቅ የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን ሴት ናት። በስልክ ያልነገርኩዎት ስደውል ሁልጊዜ አጠገቤ ሰው ስላለ ነው። ባለፈው "ልጆቼ ይነጋገራሉ ወይ? አንቺ አትዋሺኝም" ብለው ሲጠይቁኝ አባዬ ከጎኔ ቆሞ ዓይኑን አፍጥጦብኝ ስለነበር፣ በጣም እንጂ ብዬ ዋሸሁዎት። ይቅር ይበሉኝ። አሁን እውነቱን ልጻፍ። ፀደንያ፣ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና አንድም መስመር እንዳትዘይ።

እማማ፣ ሁለቱ ልጆችዎ የአያቴ መርዶ ከተሰማ ወዲህ አምስት ወር ሙሉ አልተነጋገሩም። የምንኖረው ዳላስ ውስጥ ሌክ ሃይላንድስ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ፎቅ ላይ በር ለበር ነው። አባዬ ሲወጣ ወንድሙ ጋሼ ይርጉ በበሩ ቀዳዳ እያየ እስኪሄድለት ይጠብቃል፤ ጋሼ ይርጉ ሲወጣም አባዬ እንዲሁ። አንድ ቀን ሁለቱም በቀዳዳ ሲጠባበቁ ሁለቱም ከሥራ አረፈዱ።

ጠቡ የመጣው በመርዶው ነው። የአያቴን ማረፍ መጀመሪያ የሰማው ጋሼ ይርጉ ሲሆን ለአባዬ ሳይነግረው አሥራ አንድ ቀን ቆየ። እዚህ ሰው ሁሉ በፈረቃ ስለሚሠራ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ በጠዋት በወጉ የሚያረዳበት ቀን አልተገኘም። በመሀል አባዬ ኤርፖርት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ አንድ የማያውቀው ሹፌር በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ስለ አባትህ ነፍስ ይማር አለው። በቃ። የአባቴን ሞት ከባዳ አሰማኝ ብሎ ዳግም ላያናግረው ማለ፤ በዚህ ወር መጨረሻ ላይም ዴንተን የሚባል ሌላ ከተማ ልንገባ ቤት ያዘ። ካርቶኖቹ ሳሎኑን ሞልተውታል። ዴንተን ከሄድን ልጆችዎ በበር ቀዳዳ እንኳ መተያየታቸው ይቀራል። እኔም የጋሼ ይርጉን ልጅ ሜሪን አጣለሁ፤ ያለ እሷ ደግሞ ትምህርት ቤቱን አልችለውም።

እናም ሽማግሌ ተላከ። ሽማግሌዎቹ ጋሽ እንየውና ጋሽ ይገዙ ናቸው፤ አንደኛው ተረት ያበዛሉ፣ ሁለተኛው ምግብ ያበዛሉ። የት ይገናኙ የሚለው ራሱ ሌላ ሽምግልና ፈለገ። የአባዬ ቤት ለጋሼ ይርጉ አይሆንም፤ የጋሼ ይርጉ ቤት ለአባዬ አይሆንም፤ የሐበሻው ምግብ ቤት ደግሞ ጆሮ ብቻ ነው። በመጨረሻ ጋሽ ይገዙ ታክሲ ሲነዱ የሚያውቁት ጸጥ ያለ ጫካ አለ፣ ፓርክ ማድረጊያውም ነጻ ነው አሉና ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ወደዚያ ሄድን። እኔ የተወሰድኩት ሰሌዳ ላነብላቸው ነው።

ቦታው ከፎርት ዎርዝ ወጣ ብሎ ያለ ምሽግ ነው። ግንዱን ጎን ለጎን አቁመው፣ ጫፉን እንደ እርሳስ ቀርጸው፣ ማዕዘኑ ላይ የጥበቃ ማማ ሰቅለውለታል። የድሮው ፈርሶ ጠፍቷል፤ ይሄኛው በድሮው አምሳል እንደገና የተሠራ ነው። ሰሌዳው ሰፋሪዎቹ የአገሩን ባለቤቶች ፈርተው እንዳጠሩት ይናገራል። ይህን ስተረጉም ጋሽ ይገዙ፣ ሰው አገር መጥቶ በር ዘግቶ መቀመጥ የጀመርነው እኛ አይደለንማ አሉ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ጋሽ እንየው ግን አልገባም አሉ። ሰው ቤት ዝም ተብሎ አይገባም። ደጁ ላይ ቆመው ሦስት ጊዜ "ቤቶች!" ብለው ተጣሩ። የተጣፈ ሱሪ ያደረጉ፣ መጥረቢያ የያዙ አንድ ነጭ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ለጎብኚ ሲባል በዚያ ዘመን ልብስ እንጨት የሚፈልጡ ናቸው፤ ሥራቸው ነው። ይህን ከመናገሬ በፊት ጋሽ ይገዙ በሐዘኔታ ከንፈራቸውን መጠው፣ በዚህ ዕድሜያቸው ጫካ ጥለዋቸው ብለው ይዘውት ከመጡት ድፎ ዳቦ ግማሹን ቆርሰው አስታቀፏቸው። ሰውየው ግራ ገባቸው፤ ግን በሉት። ጎበዝ ናቸው።

የእግር መንገዱ ከምሽጉ የኋላ በር ይነሳል። እዚያ ያለው ሰሌዳ መንገዱ በጫካው ዞሮ እዚያው እንደሚመለስ፣ ሃያ ደቂቃም እንደሚፈጅ ይናገራል። ይህን አልተረጎምኩም፤ የጠየቀኝ የለም።

አባዬ ከፊት፣ ጋሼ ይርጉ ከኋላ፣ ሽማግሌዎቹ መሀል፣ እኔ ከሁሉም ጎን ሆነን ሄድን። በወንድማማቾቹ መካከል አሥር እርምጃ ቢኖር ነው፤ ነገር ግን ቃል የሚሄደው በሽማግሌ ነበር። አባዬ፣ ፊቱን ማየት አልፈልግም በሉልኝ ይላል። ጋሽ እንየው ይህን ለጋሽ ይገዙ፣ ወንድምህ ቅር ብሎታል በለው ብለው ያቀብላሉ። ጋሽ ይገዙ ዞር ብለው ለጋሼ ይርጉ፣ ወንድምህ ናፍቆሃል ይሉታል። ጋሼ ይርጉ ሁሉንም በጆሮው እየሰማ፣ ያላለውን አትጨምሩ እያለ ይናደዳል። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ዛፍ የማይ መሰልኩ።

በሃያ ደቂቃው ምሽጉ ጋ ደረስን። ስንወጣ ዞሮ ያየው ስላልነበረ ማንም አላወቀውም። ጋሽ እንየው ቆም ብለው፣ ምን ቢፈሩ ነው ሁለተኛ ምሽግ የሠሩት አሉ። ጋሽ ይገዙ በሁለተኛው ምሽግ ያሉት ሽማግሌ ደግሞ ምን በልተው ይሆን ብለው ተከዙ። እኔ ዝም አልኩ። ብናገር መኪናው ቅርብ ነው፣ አባዬም ቁልፉን ይዟል። አሁንም ወደፊት ነው አልኳቸውና እንደገና ጫካው ገባን።

የመንገዱ እኩሌታ ላይ የጋሽ ይገዙ ጉልበት እምቢ አለ። ከወደቀ ግንድ ላይ ሲቀመጡ ጋሽ እንየውም ለወጉ ያህል አብረው ተቀመጡ። ቃል አቀባይ ጠፋ። አባዬ ለዛፎቹ፣ እኔ ሄጃለሁ ብሎ ወደፊት ገሰገሰ። ጋሼ ይርጉ ደግሞ ከዚህ በኋላ የእሱን ጀርባ አላይም ብሎ በመጣንበት ተመለሰ። ሁለቱም እየተሸሻሹ ነበር። ጉዱ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ አባዬን ተከትዬ ሮጥኩ።

ምሽጉ ጥግ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

"ከእኔ ሸሽተህ ከፊቴ ትመጣለህ?" አለ አባዬ።

"አንተ ነህ ከፊቴ የመጣኸው።"

ሁለቱም መንገዱን አዩ። ከዚያ አባዬ ድምፁ ቀጥኖ፣ "አሥራ አንድ ቀን አብረኸኝ ስትበላ እንዴት ወረደልህ?" አለው።

"አልወረደልኝም። ሰው የሚሰበሰብበትን ቅዳሜ ስጠብቅ ነበር።"

"ማን ነው ቅዳሜን ጠብቅ ያለህ?"

ጋሼ ይርጉ ወደ አጥሩ ዞረ።

"እማዬ ናት?"

ጋሼ ይርጉ እጁን ከአጥሩ ግንድ ላይ አሳረፈ። "ይሄ እንጨት እኮ አዲስ ነው" አለ። "ያረጀ አስመስለው ነው የሠሩት።"

አባዬም እጁን እዚያው ግንድ ላይ አደረገ። ከዚያ አባቴን እያለ አለቀሰ፤ ጋሼ ይርጉ አንገቱን አቅፎ አብሮት አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ የተደባደቡ መስሏቸው እያነከሱ ደረሱ፤ ሲያዩ እነሱም ጋቢያቸውን ገልብጠው ለበሱ። ባለ መጥረቢያው ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ። ቅዳሜ ነበር፤ ጊዜውም ገና ጠዋት ነበር።

እኔን ግራ የገባኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ታረቅን ያለ ሰው የለም፤ ይቅርታ ያለም የለም። ወደ ቤት ስንመለስ ሁለቱ አንድ መኪና ውስጥ ሆነው እስከ ዳላስ ስለ ጎማ ብቻ አወሩ። በማግስቱ ጋሼ ይርጉ ሳያንኳኳ ገባ፣ የካርቶን ፕላስተር ቀደደ፣ የሻይ ብርጭቆዎቹን አወጣ። አባዬ ከሶፋው ሳይነሳ፣ ስኳሩ በታችኛው ካርቶን ነው አለው። ዛሬ ሳምንቱ ነው፤ ዘጠኝ ካርቶን ተፈቷል። የዴንተን ነገር ምን ሆነ ብዬ ስጠይቅ፣ ልጅ በዚህ አይገባም ተባልኩ።

አንድ ነገር ግን አዘዙኝ፤ ሁለቱም አንድ ላይ። ይህን ሁሉ እማዬ እንዳትሰማ አሉኝ። በእኔ ምክንያት ነው ብላ ጸጸት ይገባታል አሉ። እማማ፣ እኔ እንግዲህ አልገባኝም፤ ሰው ሲሞት ይደበቃል፣ ሰው ሲጣላ ይደበቃል፣ ሲታረቅም ይደበቃል? ጋሼ ይርጉ የእርስዎን ስም ላለማንሳት አምስት ወር ሙሉ በበር ቀዳዳ ኖረ። እኔ ግን ምንም ስላልሰወርኩዎት እርስዎም አይሰውሩኝ፤ ጠብቅ ያሉት እርስዎ ነዎት? ከሆኑም ምንም የለም፤ ልጅዎ አሁን በደንብ አልቅሷል። ልጆችዎ በሚቀጥለው ሲደውሉ ግን ምንም እንዳልሰሙ ይሁኑልኝ፤ አለበለዚያ እኔ ራሴ ምሽግ ያስፈልገኛል።

አክስቴን እናትነሽን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ጥርሷ ተሻላት? ትንሹ ኢዩ ከዛፍ መውደቁን አቆመ ወይ? ፀደንያ፣ ጉሮሮሽ ሳይደርቅ እዚህ ከደረስሽ ተባረኪ። ዶሮዎቹንም በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ፣ እማማ። ሜሪ ጉልበትዎን ትስማለች፤ እናቴ ዓለምሸትም እንዲሁ። ልጆችዎ ሰላምታ አልላኩም፤ ይህ ደብዳቤ መጻፉን አያውቁማ።

የልጅዎ የአሻግሬ ልጅ፣
ሩሐማ

ሌክ ሃይላንድስ፣ ዳላስ
ኅዳር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.