አራት ባለማደያና አንድ የቤንዚን ፈቃድ

ለተከበሩ የከተማችን ንግድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማደያችን ጣሪያ ቀለም በየጊዜው የሚታደስ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በአምቦና በጌዶ መካከል በምትገኘው ከተማችን፣ ከድልድዩ በታች በውኃ መሳቢያ ሞተር ሽንኩርት የማለማ፣ ለሞተሬም ቤንዚን በጀሪካን መግዛት እንዲፈቀድልኝ ከመስከረም ጀምሮ ደጅ የምጠናዎ ጋሮማ ነኝ። አቤቱታዬም የሚከተለው ነው።

፩ኛ. ማደያውን በ2006 ዓ.ም. የከፈቱት ኦቦ ደቻሳ ቤንዚን ይሸጡ ነበር። ይህን የማነሳው ልጆቻችን ላያምኑን ስለሚችሉ ነው።

፪ኛ. ከእሳቸው የተረከቡት ወይዘሮ አስያ ጣሪያውን ቢጫ ቀቡት። ዘንድሮ ደግሞ ኦቦ ቀንዓ ገብተው ሰማያዊ አደረጉት፣ ኦቦ ሚልኬሳ ተከትለው ቀይ አደረጉት። ክቡርነትዎ ለየምርቃቱ የሪባን መቁረጫ መቀስ ይዘው ስለተገኙልን እናመሰግንዎታለን። እሰይ! መቀሱ አንድም ቀን ነዳጅ ከሚያመጣው ቦቴ ኋላ ደርሶ አያውቅም።

፫ኛ. በጥቅምት የሰጡኝ ፈቃድ ለወይዘሮ አስያ የተጻፈ ስለነበር፣ በሳምንቱ የተረከቡት ኦቦ ቀንዓ ለእኔ አልተጻፈም ብለው መለሱኝ። በስማቸው አስለውጬ ስመጣ ኦቦ ሚልኬሳን አገኘሁ። እግሬ እስኪቀጥን ተመላልሼ፣ ደብዳቤው ለሰው ሳይሆን ለማደያው እንዲጻፍልኝ፣ ማደያው እንደሆነ ቦታውን ለቆ ሄዶ እንደማያውቅ በትሕትና ባስረዳም፣ አሠራሩ አይፈቅድም ተባልኩ። አሠራሩን እግዜር ይስጠው።

፬ኛ. ከሽንኩርቴ እስከ ወንዙ ሠላሳ እርምጃ ነው። ባለቤቴ ሃዋኒ ሦስት ሳምንት ሙሉ በባልዲ እያመላለሰች ስታጠጣ ቆይታ፣ ባለፈው ማክሰኞ ባልዲውን ደፍታው ገባች። ውኃው ዓይናችን እያየ ይወርዳል፣ ሽንኩርቱ ዓይናችን እያየ ደረቀ። ክቡርነትዎ፣ አንጀቴ አርሯል። ከዚህ በላይ በጨዋ አማርኛ የምገልጽበት ቃል አጣሁ።

ማኅተምዎ ቀለም፣ መቀስዎ ስለት እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ በወረፋው ላይ ከተቀመጠው ባዶ ጀሪካኔ ጎን ቆሜ እጅ እነሳለሁ።

ጋሮማ
የቀድሞ ሽንኩርት አልሚ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ለኦቦ ሚልኬሳ የተጻፈው ፈቃድ በእጄ ገብቷል፣ እግዜር ያክብርልኝ። ዛሬ ጠዋት ይዤው ብሄድ ጣሪያው አረንጓዴ እየተቀባ ነው። መቀሱን አደራ።