ሦስቱን አንድ በአንድ ንገሪኝ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እማዬ እህል ትቀምሳለች ወይ? ጉልበቷስ ደረጃውን ያወጣታል ወይስ አሁንም ተደግፋ ነው የምትወጣው? ባለቤትሽና ትንሿ እንዴት ናቸው? ይህን ሁሉ በስልክ ብጠይቅሽ ደስ ባለኝ፤ ግን ስልኬን ማንሳት ከተውሽ ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። ስለዚህ ብዕር አነሳሁ። ጽሕፈቴ እንደ ድሮው ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው፤ ታገሺኝ።

እኔ በአካል ደህና ነኝ። ሥራዬ እንደምታውቂው የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ አንሶላ ከማድረቂያው ማውጣት፣ መተኮስ፣ ማጠፍ። ትልቁን አንሶላ አንድ ሰው ብቻውን አያጥፈውም። ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን ይዘን፣ ወጠር አድርገን፣ አንዳችን ወደ ሌላችን እየተራመድን ነው የምናጥፈው። አብራኝ የምታጥፈው ሳጅን የምንላት ሴትዮ ናት። ወታደር ሆና አታውቅም፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ወደፊት እያለች ስለምታዘን ነው ስሙ የወጣላት።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ያን ቀን ስልክሽ አልሠራ ሲለኝ ለሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ደወልኩ፤ እማዬን እንዲጠራልኝ ብዬ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ድምፄን ሲሰማ እግዜር ያጽናህ አለኝ። አባትህ፣ አክስትህ፣ ወንድምህ፣ ሦስቱም በስምንት ወር ውስጥ፣ ለመሆኑ እንዴት ቻልከው አለኝ። የማውቅ መስሎት ነው፤ አትቆጪው። ማን መቼ እንደተቀበረ ሳይቀር ሲነግረኝ ቆሜ ሰማሁት፤ አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁት። በማግስቱ ስልክሽ ሲሠራ ያልኩሽን ታውቂዋለሽ። አንቺ እህቴ አይደለሽም አልኩሽ። እትዬ፣ ያ ቃል ካፌ ከሚወጣ ምነው ምላሴን በቆረጠው። ይቅር በይኝ።

እንደዚያ ያናደዱኝ ደብዳቤዎችሽ ነበሩ። አባዬ ከሞተ በኋላ የጻፍሽልኝን ሁሉ አውጥቼ እንደገና አነበብኳቸው። የላክሁለት መነጽር ላይ ራሱ ተቀምጦበት አጣሞት፣ ድመቷን ሲቆጣ እንደዋለ ጽፈሽልኝ ነበር። ያኔ ከተቀበረ ሁለት ወር ሆኖታል። ስደውል ደግሞ ጆሮው ስልክ አይሰማለትም ትይኝ ነበር። ወንድማችን ጋሼ የጠፋው ሥራ በዝቶበት ነው አልሽኝ። የእማዬ ድምፅ ሲሰባበርብኝ ጉንፋን ይዟት ነው አልሽኝ። አክስታችን ስልክ ላይ የማትመጣው ደግሞ ጥርሷን አሟት ነው ተባልኩ። ሞኙ እኔ፣ አክስታችን ለጥርስ ሕመም ብላ አፏን የምትዘጋ ሴት ነበረች እንዴ? እዚያ ላይ እንኳ መጠርጠር ነበረብኝ።

ስናደድ ሰነበትኩ። ባለፈው ሰኞ ሳጅን እንደ ልማዷ አንሶላውን ወጠር አድርጋ፣ አባትህ በዚህ ሳምንት ምን ሠራ አለችኝ። ከደብዳቤዎችሽ እየቆነጠርኩ ስለማጫውታት አባዬን እንደ ጎረቤቷ ታውቀዋለች። እኔም ምንም ሳላስብ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቤቱን ሙሉ ሲፈልገው ዋለ አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅሁ። ከዚያ ጫፉ ከእጄ ወደቀ፤ የልብስ ቅርጫቱ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እትዬ፣ ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። ያንን ያልኩት ሳጅንን ላታልል ብዬ አይደለም፤ ለአባዬ አንድ ቀን ልጨምርለት ብዬ ነው። አንቺም ያደረግሽው ይህንኑ ነው። እኔ ለአገሩም ለሥራውም አዲስ ነበርኩ፤ ልቡ ይሰበራል ብለሽ ፈራሽልኝ። የአባዬን ነገ እነግረዋለሁ ስትይ አክስታችን ተከተለች፤ የእሷን ስትይ ጋሼ። አንቺ ከቀብር ተመልሰሽ፣ ፊትሽን ታጥበሽ፣ እኔን የሚያስቀኝ ነገር ትፈልጊ ነበር። እጅሽ እንዴት እሺ ብሎ ጻፈልሽ? አንጀቴን በላሽው። ደግሞ አባዬ ቢኖር ያ መነጽር ላይ በእርግጥ ይቀመጥበት ነበር።

ሳጅን ሥራዋን ትታ አጠገቤ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማችኝ። ለካ እሷም ባሏንና ሁለት እህቶቿን በአንድ ዓመት ነው የቀበረችው። መጀመሪያ ሰሞን ሦስቱን አንድ ላይ ሳለቅስ ተቀላቀሉብኝ አለችኝ፤ ለማን እያለቀስኩ እንደሆነ እስኪጠፋኝ ድረስ። በኋላ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቀን ሰጠቻቸው። በባሏ ቀን ስለ ባሏ ብቻ ታስባለች፣ ታለቅሳለች፣ ከሆነላትም ትስቃለች፤ እህቶቿ ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንተም አንድ በአንድ ያዛቸው አለችኝ። እኔም ሞከርኩ፤ ግን አልሆነልኝም፤ ከቀብራቸው ቀን በቀር ምንም አላውቅማ። አባዬ አጠገብ ማን ነበር? ምን አለ? ጋሼስ ብዙ ተሠቃየ? አክስታችን ለመጨረሻ ጊዜ የተሳደበችው ማንን ነው? ይህን ሁሉ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ እስካሁን ብቻሽን ይዘሽዋል።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እስኪደርስሽ ጠብቄ፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በእናንተ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እደውላለሁ። በመጀመሪያው እሑድ አባዬን ብቻ ንገሪኝ፤ በሚቀጥለው አክስታችንን፣ ከዚያ ጋሼን። እንደሆነው ንገሪኝ፤ ለእኔ ብለሽ አታሳምሪው። መናገር ካቃተሽም ስልኩን አንሺና አልቅሺ፤ እኔም እዚህ አለቅሳለሁ። እኔና አንቺ እስካሁን አብረን አላለቀስንም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን፣ በዚያ ሁሉ መከራ ከጎንሽ ስላልተለየ፣ ወንድሜ ነህ ብሎሃል በይልኝ። ትንሿን ጉንጯን ቆንጥጪልኝ። ፀጉር አስተካካዩንም አልተቀየመህም በይው፤ ይሄኔ አፍሮ በእናንተ በር ማለፉን ትቶ ይሆናል።

እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። በየደብዳቤዬ መጨረሻ ለአባዬ፣ ለአክስታችን፣ ለጋሼ ሰላም በይልኝ እልሽ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ያንን ሰላምታ የት ታደርሺው ነበር? እሱንም እሑድ ንገሪኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ በምሳ ሰዓት
ረቡዕ፣ ጥር 14 ቀን